ለቴአትር የወረደው እርጥብ ሳር

መምህር ዕዝራን አርባ ምንጭ ውስጥ የማያውቀው የለም። ስሙን የረሳ እንኳ ሽንት ቤቱን አይረሳም። ቀን አማርኛ ያስተምራል፤ በተረፈው ጊዜ ቴአትር ይጽፋል፣ መጻፍ ከተባለ። ወባ ሲበረታ የጤና ሰዎች ይጠሩትና አጎበር ይጽፋል። ግብር ሲቀዘቅዝ የግብር ሰዎች ይጠሩትና ደረሰኝ ይጽፋል። እጅ መታጠብ ጽፏል፣ ችግኝ ጽፏል፤ ስሙ የወጣው ግን ስለ ሽንት ቤት በጻፈው ነው። በእሱ ድርሰት ውስጥ የሚሞት ሰው እንኳ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ አይሞትም። መጨረሻ ላይ ሟቹም ተነሥቶ ከገዳዩ ጎን ይሰለፍና፣ ሁሉም ወደ ተመልካቹ ዞረው መልእክቱን ባንድ ድምፅ ያነበንባሉ። ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ የታሸገ ውኃ፣ ከዚያ የቡድን ፎቶ ነው።

ይሄ ነገር ዕዝራን አንገሽግሾታል። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መልእክት የሌለው ቴአትር። የመጨረሻው ቃል ተነግሮ አዳራሹ ጭጭ የሚልበት፣ አጨብጫቢው እጁን አንሥቶ የሚተውበት፣ ሰው ሁሉ የሚናገረው ጠፍቶት በተቀመጠበት የሚቀርበት። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያን ዝምታ ሰምቼ ልሙት ይል ነበር ለሚስቱ ለጽጌሬዳ። እሷም ዝምታ ካማረህ እቤት ውስጥ ጀምረው ትለዋለች።

አንድ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቁጭ ብሎ ጻፈው። አጭር ናት፤ ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ይጣላሉ። ሽማግሌ ይመጣል። በጋሞ ደጋ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ነጭቶ መሐላቸው ይንበረከካል። ሳሩ አንዴ ከተዘረጋ ወዲያ አልፎ መሄድ የሚባል ነገር የለም። ነውር ብቻ ቢሆን ደግ፤ ጎሜ ነው፣ የደፈረውን ሰው ብቻ ሳይሆን ቤቱንና ከብቱን ተከትሎ የሚገባ ጥፋት። በዕዝራ ቴአትር ውስጥ ግን ታናሽየው ወንድም ሳሩን ተራምዶ ያልፋል። አልፎም ዞር ይልና «ሳር ነው፤ ነገ ይደርቃል» ይላል። መብራት ይጠፋል። ዕዝራ ይህችን መስመር የጻፈ ዕለት እራት አልበላም፤ ከራሱ ጋር ፍቅር ይዞት አደረ።

ጽጌሬዳ አነበበችው። አንብባም ይሄ ሳሩን ተራምዶ የሚሄደው ታናሽ ወንድም ማነው ብላ ጠየቀችው። ገጸ ባሕርይ ነው አላት።

«እኔስ ያገባሁት ሰውዬ መስሎኝ» አለችና ወረቀቱን መለሰችለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕዝራ አጵሎስ የሚባል ታላቅ ወንድም አለው፤ በከተማዋ ታችኛው ሰፈር በሲቀላ፣ ገበያው ጫፍ ላይ የጨንቻ ጋቢና ቡልኮ የሚሸጥ። አጵሎስ ደግ ሰው ነው፤ ግን አንድ የማትለቀው አነጋገር ነበረችው። ስለ ጥጥ ዋጋ ብትጠይቁት፣ ስለ ዝናቡ ብትጠይቁት፣ ስለ መንግሥት ብትጠይቁት፣ ትከሻውን ከፍ አድርጎ «እኔ ምን አውቄ!» ይላል፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ከማንም አብልጦ ያስረዳችኋል። ዕዝራ የሽንት ቤቱን ቴአትር ሲጽፍ ሞቼ ነው ቆሜ ሽንት ቤት አልቆፍርም የሚል አንድ ገብጋባ ሰውዬ አስፈለገው። ስሙን አቶ ምናውቄ አለው። ትከሻዋም ገባች፣ አነጋገሯም ገባች። አዳራሹ በሳቅ አለቀ።

በማግስቱ ሲቀላ አጵሎስን ምናውቄ አለው። ባጃጅ ነጂው ምናውቄ፣ ሙዝ ሻጩ ምናውቄ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ ምናውቄ። ጋቢ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ጋቢውን ከመንካቱ በፊት ጉድጓዱ ተቆፈረ ወይ ይለዋል። ሰውየው እኮ ሽንት ቤት አለው! ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ያስቆፈረ እሱ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ማን ይሰማዋል? ወንድሙ ቤት ሄዶ፣ እባክህ በሰው ፊት ያ ሰውዬ እሱ አይደለም በልልኝ ብሎ ለመነው። ዕዝራ የመለሰለት ሁለት ቃል ነው።

«ቴአትር ነው» አለው።

አጵሎስ ከዚያ ወዲህ የወንድሙን ደጅ አልረገጠም። ያቺ አነጋገሩም ካፉ ጠፋች። የማያውቀውን ነገር ሲጠይቁት እንኳ ዝም ብሎ ያያል እንጂ ትከሻው ንቅንቅ አይልም። ሲቀላ ሁሉ ይሄን ያውቃል፤ ዕዝራም ያውቃል። ዓመታት አለፉ። ዕዝራ ወንድሙን መንገድ ላይ ሲያየው ስልክ እንደተደወለለት ሆኖ ጆሮው ላይ ይለጥፋል።

አሁን ወደ ቴአትሩ። በላይኛው ሰፈር በሴቻ ያለችውን ትንሽዬ አዳራሽ ለማግኘት የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ድርሰት አያነብም፣ ስለዚህም በማንም ላይ ክፉ አይፈርድም። የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ መልእክቱ ምንድን ነው? ዕዝራ መልእክት የለውም ቢል አዳራሹ ለስብሰባ እንደሚሰጥ ስለሚያውቅ ሰላም ነው አለ። ኃላፊው ደስ አለው። ሰላም ጥሩ ነው፣ ከዕቅዳችን ጋር ይሄዳል ብሎ ፈረመ። እንዲያውም የመክፈቻ ንግግር እንደሚያደርግ ቃል ገባ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ታናሽየውን ወንድም ሆኖ እንዲጫወት የተመረጠው ክብሩ የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው። ክብሩ በቤተ ክርስቲያኑ በየገናው ሄሮድስን የሚሠራ ነው። ያን ሁሉ ሕፃን በየዓመቱ ሲያስፈጅ ዓይኑን አያሽም፤ የዋህ እናቶች አሁንም ልጃቸውን እሱ ባጃጅ ላይ አያሳፍሩም። ለሽማግሌነቱ ግን ዕዝራ የጥጥ ጺም የተለጠፈበት ወጣት አልፈልግም አለ። ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር አቶ ኦይታ የሚባሉ እውነተኛ ሽማግሌ አስመጣ። አቶ ኦይታ ድምፃቸው መሬት ያንቀጠቅጣል። ችግራቸው አማርኛው ነው፤ በተለይ ወንድና ሴቱ። ክብሩን አንቺ ይሉታል። ዕዝራ የአማርኛ መምህር ነውና ይሄን ሲሰማ ጥርሱን ያመዋል። አባባ፣ አንተ ይበሉት ይላቸዋል። «እሺ» ይላሉ አቶ ኦይታ፣ «አንተ፣ ወንድምሽን ይቅር በዪ።»

ልምምዱ በፕላስቲክ ሳር ነበር፤ ከአንድ የሠርግ ዲኮር ሠራተኛ የተለመነ፣ ሮዝ አበባ የተሰካበት። አቶ ኦይታ ያን ሲዘረጉ እያዛጉ ነው። ክብሩም ሲራመድበት አንዳንዴ ስልክ እያወራ ይራመድበታል። ዕዝራ ይሄን አይቶ ተቃጠለ። ትርኢቱ ሊቀርብ ሲል ሁሉንም ሰብስቦ ስለ እውነተኛነት ረጅም ንግግር አደረገ። ጥበብ ፕላስቲክ አይደለም አለ። በትርኢቱ ቀን እውነተኛ እርጥብ ሳር እንዲኖር፣ እሱም ከደጋው እንዲመጣ አዘዘ፤ ጊዜው በጋ ነው፣ ቆላው ላይ ያለው ሳር ሁሉ ደርቆ ገለባ ሆኗል። አቶ ኦይታ እውነተኛው ይሁን ወይ ብለው ጠየቁ። ይሁን አለ። ደግመው ጠየቁት። እንዴት ሁለቴ እጠየቃለሁ ብሎ ተቆጣ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ኦይታ ሳሩን ነጩ። በኮባ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገው ከጨንቻ በሚወርደው ሚኒባስ ተሳፈሩ። መጀመሪያ ያየችው አጠገባቸው የተቀመጠችው የፖም ነጋዴዋ በለጥሽ ናት። ነጠላዋን አስተካከለች። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። በለጥሽ ቀስ ብላ ማን ተጣልቶ ነው አለቻቸው። ወንድማማቾች ናቸው አሏት። የት ነው? ሴቻ፣ አዳራሽ ውስጥ ነው። ማነው የጠራዎት? መምህር ዕዝራ ነው። አቶ ኦይታ አንዲት ውሸት አልተናገሩም፤ እንዲያው ያን ሳር ጭናቸው ላይ ይዘው ቴአትር ነው ማለት ከአፋቸው አልወጣላቸውም።

እንግዲህ የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሚኒባሱ ሲቀላ መናኸሪያ ሲደርስ በለጥሽ ፖሟን እዚያው ጥላ ወደ አጵሎስ ሱቅ በረረች። ወንድምህ ሽማግሌ አስወርዶልሃል፣ ሳር አስነጭቶልሃል፣ በአደባባይ ይቅርታ ሊጠይቅህ ነው አለችው። አጵሎስ የሚለካውን ጋቢ ጥሎ ተነሣ። ከዚያ ሱቁን ዘጋ፤ ከሚሸጣቸው ጋቢዎች አንዱን፣ ለራሱ ያላሰበውን ነጩን፣ አወጣና ለበሰው። ከሰዓት በኋላ ግማሹ ሲቀላ ተከትሎት ወደ ሴቻ ሽቅብ ወጣ፣ ገሚሱ በባጃጅ፣ ገሚሱ በእግሩ።

ዕዝራ በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። አዳራሹ ጢም ብሏል! በየመስኮቱ ሰው ተንጠልጥሏል። በሩ ላይ የለጠፋትን አንዲት ወረቀት አሰበና እንዴት ያለ ማስታወቂያ ብጽፍ ነው አለ። ደግሞ ሰዉ ጨዋ ሆኗል፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፣ አንድም ሰው ኦቾሎኒ አይፈለፍልም። የኪነ ጥበብ ግንዛቤ እያደገ ነው አለ በሆዱ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። አጵሎስ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እሱም ሊያደንቀኝ መጣ! ደረቱ ተነፋ። ምስኪን ዕዝራ።

ኃላፊው ስለ ሰላም ተናገረ፤ ብዙ ተናገረ። ከዚያ መጋረጃው ተከፈተና ሁለቱ ወንድማማቾች መጣላት ጀመሩ። ሕዝቡ ግራ ተጋባ። ከኋላ አንድ አዛውንት እነዚህ ደግሞ የማን ልጆች ናቸው ብለው ጠየቁ። ሌላው፣ ይቆዩ ምስክሮች ይሆናሉ አላቸው። ሁሉም በትዕግሥት ጠበቀ።

አቶ ኦይታ ገቡ። ኮባውን ፈቱ። ሳሩ ወጣ፤ ጤዛው ገና ያልደረቀ፣ ሽታው እስከ በሩ የሚደርስ። አላዛጉም። ሁለት እጃቸው ላይ ይዘው ተንበረከኩ፣ ዘረጉትም። አዳራሹ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ዕዝራ ከመጋረጃው ጀርባ እንባው መጣ፤ ቆመው ሲያከብሩኝ ብሎ።

አሁን የክብሩ ተራ ነው። አልታረቅም የሚለውን ቃል ተናገረ፤ ግን እንደ ሄሮድስ ሳይሆን ትምህርቱን እንዳላጠና ልጅ ነው የተናገረው። ሳሩን አየ። አቶ ኦይታን አየ። ላብ ፊቱን አጠበው። ዕዝራ ከጀርባ እለፍ አለው። አይንቀሳቀስም። እለፍ እንጂ አለው ጥርሱን ነክሶ። ክብሩ አንገቱን ወደ መጋረጃው አዞረ፤ የተናገረው ግን በመስኮት ለተንጠለጠሉትም ተሰማ።

«ቲቸር፣ ይሄኛው ሳር ነው።»

ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሄሮድስ በጉልበቱ ወደቀና ታርቄያለሁ አለ። ታላቁን ወንድም የሚጫወተው ልጅም ያልተጻፈለትን ታርቄያለሁ ብሎ አጠገቡ ተንበረከከ። ሕዝቡ እሰይ አለ። እልልታው ቀለጠ። ያቺ እራት ያስዘለለች መስመር ሳትነገር ቀረች። ዕዝራ የሚያደርገውን አጥቶ ከመጋረጃው ዘሎ ወጣ።

«ቴአትር ነው!» ብሎ ጮኸ። «ወገኖቼ፣ ቴአትር ነው!»

ማንም አልሰማውም። ንዴቱ ዓይኑን ጋረደው። ዕድሜ ልኬን የለመንኩት አንድ ቴአትር ነው፤ እሱንም በእርቅ ጨረሱብኝ! ክብሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ ሳሩ ፊት ቆመ። እንዲህ ነው የሚታለፈው፣ ከባድ ነገር የለውም፣ እኔ ላሳያችሁ አለና እግሩን አነሣ።

ይሄኔ አዳራሹ ጭጭ አለ።

እልልታው ባንድ ጊዜ ተቆረጠ። የሚያስል የለም። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ጣራው ቆርቆሮ ነውና ሙቀቱ ሲያንጣጣው ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ዕዝራ በአንድ እግሩ ቆሞ ያን ዝምታ ሰማው። የራሱ ነበር፤ ዓመታት ሙሉ የተመኘው፣ ልክ እንደተመኘው ሆኖ መጥቶለታል። እግሩን ማሳረፍና ያቺን መስመር መናገር ብቻ ነው የቀረው። አፉ ላይ ነበረች። ፊት ለፊት ጽጌሬዳን አየ፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ከእሷ ኋላ አጵሎስን አየ። አጵሎስ እየተቆጣ አልነበረም። ያን ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ገና እየጠበቀ ነበር። ዕዝራ ወንድሙ ለምን እንደመጣ የገባው ያኔ ነው።

አቶ ኦይታ ከተንበረከኩበት ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ «እግርሽን መልሺ።»

የአማርኛው መምህር አላረማቸውም። እግሩን ወደ ኋላ መለሰ።

በለጥሽ ከመሐል ሆና ወንድምየው እኮ እዚህ ነው ብላ አጵሎስን ክንዱን ይዛ አወጣችው። በሳሩ ማዶ ተንበረከከ፤ ዕዝራም በወዲህኛው በኩል። አቶ ኦይታ ጽሑፉን ረሱት፣ አማርኛውንም ተዉት፤ በጋሞኛ መረቁ፣ ለመኑ፣ ገሠጹ፣ ድምፃቸው ግድግዳውን ነዘረው። ከዚያ በለጥሽ የጠቡን ነገር በጆሯቸው ሹክ ብትላቸው ወደ ዕዝራ ዞረው ወንድምህ ሊለምንህ የመጣ ዕለት ምን ብለህ መለስክለት አሉት። ዕዝራ ጉሮሮውን ጠረገና ጥበብ ከሕይወት ጋር ስላላት ግንኙነት ሊጀምር ሲል አቶ ኦይታ እጃቸውን አነሡ። ቃሉን ብቻ አሉት።

«ቴአትር ነው ብዬ» አለ።

«ነበር ወይ?»

ዕዝራ በሕይወቱ የጻፋቸው ተዋንያን ሁሉ በዚህ ቦታ ወደ ሕዝቡ ዞረው ባንድ ድምፅ ይናገራሉ። እሱ ወደ ሕዝቡ አልዞረም። ወደ አጵሎስ ነው ያየው፤ ድምፁም ሰለለ።

«አልነበረም። አንተን ነው የጻፍኩት። ጉድጓዱ ብቻ ነው ውሸቱ።»

አፈረ፤ ከጆሮው እስከ አንገቱ አፈረ፣ ደግሞም ቀለለው። አቶ ኦይታ ወደ አጵሎስ ዞሩና ይቅር ትላለህ ወይ አሉት። አጵሎስ ሳሩን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ሕዝቡን አየ፤ ያን ለዓመታት ምናውቄ ሲለው የኖረውን ሕዝብ። ከጋቢው ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ትከሻው ነበር፤ ቀስ እያለ፣ ዝጎ እንደቆየ ማጠፊያ፣ ከፍ አለ።

«እኔ ምን አውቄ!» አለ።

ከዚያማ አትጠይቁኝ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ አጵሎስ ራሱ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ፣ በሳቁ መሐል አለቀሰ፣ በሳሩ ላይ እጁን ዘርግቶ የወንድሙን አንገት ያዘ። ጽጌሬዳም በዚያ ዝምታ ፈንታ በዚያ ሁካታ ውስጥ ባሏን አየችውና፣ ካገባችው ወዲህ እንዲህ ወድዳው አታውቅም።

ሲወጡ በሩ ላይ ኃላፊው የዕዝራን እጅ ጨብጦ አልለቀቀም። ግሩም ነው አለ፤ ድንቅ ነው፤ ተዋንያኑማ በተለይ ያ ጋቢ የለበሰው ሰውዬ ሲያለቅስ የእውነት ነው የሚመስለው። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገና፣ ለሪፖርቱ ያህል ነው እንጂ፣ መልእክቱ ግን በትክክል ምን ነበር አለው።

ዕዝራ እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ አጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ሳያስበው ትከሻው ከፍ አለ።

«እኔ ምን አውቄ!»

አጵሎስ ከጎኑ ጋቢውን እያስተካከለ ዞር ብሎ አየው።

«እሷን ተዋት» አለው፤ «የኔ ናት።»